ጭምብል ለብሰው የተናገሩት ሐኪም



አንድ የሙያ ማኅበር በመዝገቡ የሚያሰፍረው ቃል ከአዳራሹ ውጭ የስንቱን ሰው እንጀራ እንደሚቈርጥ ለመረዳት፣ የአሜሪካን የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅበሩ በ1952 ባወጣው የመጀመሪያ የአእምሮ ሕመሞች መዘርዝር ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀርን ከሕመም ቈጥሮት ነበር። መዘርዝሩ ለሐኪሞች ይዘጋጅ እንጂ የተጠቀመበት ሐኪም ብቻ አልነበረም፤ አሠሪውም ዳኛውም ይጠቅሱት ነበር። በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 10450 መሠረት በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከፌዴራል መንግሥት ሥራ ተባረሩ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ፈለክ የተመረቁት ዶክተር ፍራንክ ካሜኒ በ1957 ከጦር ሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት የተሰናበቱት በዚሁ ዘመን ነው። አቤቱታቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1961 ጉዳዩን አላይም አለ። ካሜኒም የሕመም ስያሜው እስካልተነሣ ድረስ ስለ እኩልነት የሚቀርብ ክርክር ሁሉ በሽተኛ ነው በሚል አንድ ቃል እንደሚዘጋ ተገንዝበው፣ ትግላቸውን ወደ ሐኪሞቹ በር ጭምር አዞሩት።

የሚያስገርመው ማስረጃው ቀደም ብሎ መገኘቱ ነው። የሥነ ልቡና ሊቅ የነበሩት ዶክተር ኤቭሊን ሁከር በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ 30 ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅሩና 30 ተቃራኒ ጾታን የሚያፈቅሩ ወንዶችን ፈትነው፣ ውጤቱ የማን እንደ ሆነ ሳይገልጹ ለባለሙያዎች አቀረቡ። ባለሙያዎቹም አንዱን ወገን ከሌላው ሊለዩ አልቻሉም። የቀደሙት ሐኪሞች ግን አሳባቸውን የመሠረቱት በአብዛኛው ለሕክምና በመጡ ወይም በእስር ቤት በተገኙ ሰዎች ላይ ነበር፤ ይህም ሆስፒታል ተቀምጦ በአገሩ ጤነኛ የለም እንደ ማለት ነው።

ጥናቱ ብቻውን ማኅበሩን አላንቀሳቀሰውም። በ1970 በሳን ፍራንሲስኮ፣ በ1971 በዋሽንግተን በተደረጉት ዓመታዊ ጉባኤዎች ተቃዋሚዎች እየገቡ ስብሰባውን አወኩ። በዚህም ግፊት በ1972 የዳላስ ጉባኤ ላይ ካሜኒና የትግል ባልደረባቸው ባርባራ ጊቲንግስ እንዲናገሩ መድረክ ተሰጣቸው። ጊቲንግስ ግን ራሱ ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ወገን የሆነ ሐኪም እንዲናገር ፈለጉ። የጠየቋቸው ሁሉ የሥራ ፈቃዳችንን እናጣለን በሚል ስጋት እምቢ አሉ።

በመጨረሻ የተስማሙት የፊላደልፊያው ዶክተር ጆን ፍራየር ናቸው፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ስማቸው እንዳይጠራ፣ መልካቸው እንዳይታይ በማለት ነበር። ፊታቸውን በላስቲክ ጭምብል፣ ራሳቸውን በሰው ሠራሽ ፀጉር ሸፍነው፣ ከልካቸው የሰፋ ልብስ ለብሰው፣ ድምፅ በሚለውጥ ማጉያ ተናገሩ። ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅሩ የአእምሮ ሐኪም መሆናቸውን፣ እንደ እርሳቸው ያሉም ብዙ ሐኪሞች በዚያው ጉባኤ መኖራቸውን፣ ኑሯቸውም በመደበቅ የታሰረ መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ ያ ማኅበር በሽተኞች ናቸው የሚላቸውን ሰዎች ሲያክሙለት፣ ሲያስተምሩለትና መዋጮ ሲከፍሉለት የኖሩ የገዛ አባላቱ ሆነው አገኛቸው። ፍራየር በኋላ እንደ ተረኩት፣ ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት አድማጮች አንዱ በተከታዩ ጊዜ ከሥራ ያሰናበታቸው አለቃ ነበር፤ የጭምብሉን ባለቤት ግን አላወቀም።

በታኅሣሥ 1973 የማኅበሩ የበላይ ቦርድ ስያሜውን ከመዘርዝሩ እንዲወጣ ወሰነ፤ በሥራ፣ በመኖሪያ ቤትና በሙያ ፈቃድ የሚደረገውን አድልዎም አወገዘ። ውሳኔው ያላስደሰታቸው አባላት ጉዳዩ በጠቅላላ አባላት ድምፅ እንዲታይ ጠይቀው፣ በ1974 በፖስታ በተሰጠው ድምፅ 5,854 ደገፉ፤ 3,810 ተቃወሙ። ሳይንስ በድምፅ ብልጫ ይወሰናልን ብለው የተሳለቁ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን የጠየቁት ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው መሆናቸው አይዘነጋም፤ ስያሜው በ1952 ሲገባም ያስገባው እንደ ሁከር ያለ ፈተና አልነበረም።

ለውጡም በአንድ ቀን አልተጠናቀቀም። በስያሜው ፈንታ ሌሎች ለዘብ ያሉ ስሞች ገብተው እስከ 1987 ቈዩ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ከራሱ መዘርዝር ያወጣው በ1990 ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን በ1975 ሰዎችን በዚህ ምክንያት ብቻ ከሥራ ማገዱን ተወ። በግል ድርጅቶች ጭምር ከሥራ መባረርን ሕገ ወጥ ያደረገው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ግን የተሰጠው በ2020፣ በስድስት ድምፅ በሦስት ላይ ነበር።

ዶክተር ካሜኒ በ2009 ከፌዴራሉ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ይፋዊ የይቅርታ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ከተባረሩ 52 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዶክተር ፍራየር ያለ ጭምብል፣ በስማቸው ተጠርተው በማኅበሩ ጉባኤ የቆሙት በ1994 ነው።