«የባሕር ጤዛ» ወይስ «የማርያም ጽጌ»?
ሮዝሜሪ ስለሚባለው የእንግሊዞች ስም

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በመካከላችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «የእኛ ስም ትርጉም አለው፤ የፈረንጅ ስም ግን ባዶ ድምፅ ነው» የሚለው ነው። «ምትኩ» የተባለ ሰው ስሙን ሲነግረን ከእርሱ በፊት ቤቱ ያጣው ሰው እንዳለ እንረዳለን። «ማንጠግቦሽ» የተባለችውም ወላጆቿ እንዴት አድርገው እንደ ተቀበሏት ስሟ ራሱ ይመሰክራል። «ጆን» ወይም «ሱዛን» ግን ምን ይነግረናል? እየተባለ ይጠየቃል። በዛሬው ስብሰባ በዚህ ክርክር ላይ የበኩሌን ቃል ለመጨመር አስቤአለሁ። ነገር ግን ስለ ስም ሁሉ በጠቅላላው ብናገር ነገሩ ስለሚበተን፥ አንድ ስም ብቻ ይዤ እስከ ሥሩ ለመቈፈር መረጥሁ። ስሙም ሮዝሜሪ ነው። (በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።)

ሮዝሜሪ የሰው ስም ከመሆኑ በፊት የተክል ስም ነው። ተክሉንም ከእናንተ መካከል የማያውቀው የለም፤ እኛ የጥብስ ቅጠል፥ አንዳንድ ጊዜም ሥጋ መጥበሻ የምንለው ነው። አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፥ አበባው ሰማያዊ፥ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ ቍጥቋጦ ሲሆን፥ ከእኛ በሶብላና ዳማከሴ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ወገን ነው። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 «ሮዝማሪኑስ ኦፊሲናሊስ» ብሎ መዝግቦት ነበር። በ2017 ግን ተመራማሪዎች በዲኤንኤ የተገኘውን የዘር ሐረግ ተመልክተው ሳልቪያ ከሚባለው ወገን ስለ ቈጠሩት፥ ዛሬ የሳይንስ ስሙ «ሳልቪያ ሮዝማሪኑስ» ሆኗል። ወገኑ ቢለወጥም የጥንት ስሙ ከእርሱ አልተለየም።

ይህ የጥንት ስም ከየት መጣ? ሥሩ ላቲን ነው። «ሮስ» ማለት ጤዛ፥ «ማሪኑስ» ማለት ደግሞ የባሕር ማለት ነው። ሮማውያን በባሕር ዳር ገደል ላይ የሚበቅለውን ይህን ተክል «የባሕር ጤዛ» አሉት። ቃሉ ወደ እንግሊዝ አገር ሲገባ በመጀመሪያ «ሮዝማሪን» ይባል ነበር። እንግዲህ ላቲን የማያውቀው የእንግሊዝ ባላገር ይህን ባዕድ ቃል ሲሰማ ምን ያድርግ? በውስጡ ሁለት የሚያውቃቸው ቃሎች የተሰሙት መሰለው። አንደኛው «ሮዝ» ነው፤ ጽጌ ረዳ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሜሪ» ነው፤ ማርያም ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ቃሉ በጆሮ ተጠግኖ «ሮዝሜሪ» ሆነ። ጤዛው ጽጌ ረዳ፥ ባሕሩም ማርያም ሆነ ማለት ነው። ተክሉ ግን ከጽጌ ረዳ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ዐይነቱን ነገር የሕዝብ የቃል አፈታት ይሉታል። ሕዝብ ያልገባውን ቃል በሚገባው ቃል አስመስሎ ያበጀዋል። በዚህ የምንስቅ እንደ ሆነ ግን በተማሩት ላይም መሳቅ ይገባናል። የጥንት የላቲን ሊቃውንት ማርያም የሚለውን የዕብራይስጥ ስም ሲፈቱ «ስቲላ ማሪስ»፥ ማለት የባሕር ጠብታ፥ ብለውት ነበር። በኋላ ግን በጸሐፊዎች እጅ አንዲት ፊደል ተለወጠችና «ስቴላ ማሪስ»፥ ማለት የባሕር ኮከብ፥ ሆነ ይባላል። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት ስንት መዝሙር ተደርሶአል፤ ስንት መርከበኛም በማዕበል መካከል በዚህ ስም ተማጽኖአል! ስለዚህ ስሕተት የባላገር ብቻ ዕድል አይደለም፤ በስሕተት የተገኘ ሁሉም ፍሬ የሌለው አይደለም።

ስሙ ከማርያም ጋር ከተያያዘ በኋላ ታሪክ ያስፈልገው ነበርና ታሪክ ተገኘለት። በምዕራብ አውሮፓ የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ ስትሰደድ በመንገድ ላይ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋን በዚህ ቍጥቋጦ ላይ ዘረጋችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ነጭ የነበረው አበባም በዚያው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ ጓደኞቼን አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወርኃ ጽጌ የሚታሰበው በዚሁ ስደት ነው፤ በማኅሌተ ጽጌም እመቤታችን በአበባ ትመሰላለች። «ጽጌ ማርያም» የሚለውም ስም በአገራችን የታወቀ የሰው ስም ነው። እንግሊዞች ከእኛ አልወሰዱትም፥ እኛም ከእነርሱ አልወሰድነውም። ሁለት ሕዝቦች፥ አንዱ በጆሮ ስሕተት፥ ሁለተኛው አውቆና አስቦ፥ አበባንና ማርያምን በአንድ ስም አገናኙ። ክርክራችን «የፈረንጅ ስም ባዶ ነው» የሚል ከሆነ፥ እነሆ ከባዶነት ይልቅ ወንድማማችነት የሚታይበት ስም።

ሮዝሜሪ የሰው ስም ከመሆኑ በፊት በእንግሊዞች ኑሮ ውስጥ ትልቅ ሥራ ነበረው። ቅጠሉ ለብዙ ጊዜ አይጠወልግም፥ መዓዛውም አይጠፋም፤ ስለዚህ የመታሰቢያ ምልክት ሆነ። ሠርገኞች ይይዙት ነበር፤ ለቀስተኞችም ወደ መቃብር ይጥሉት ነበር። በ1540 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ አራተኛ ሚስት የክሌቭዝ አን ስታገባ የሮዝሜሪ ቅርንጫፍ የተሰካበት ዘውድ አድርጋ እንደ ነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦአል። በ1600 አካባቢ በተጻፈው «ሐምሌት» ውስጥም ሼክስፒር አባቷ ሞቶ አእምሮዋ ለተነካው ለኦፊልያ ይህን ቅጠል ያስይዛታል፤ ለመታሰቢያ ብላም ታድላለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ባለቅኔ ሮበርት ሄሪክ ደግሞ ያው አንዱ ቅርንጫፍ ለሠርግም ለቀብርም እንደሚሆን ግጥም ገጥሞበታል። ይህ ልማድ ዛሬም አልሞተም። የአውስትራሊያ ሰዎች በ1915 በጋሊፖሊ የወደቁትን ወታደሮቻቸውን በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ቀን ሲያስቡ ይህን ቅጠል በደረታቸው ላይ ይሰካሉ፤ በጋሊፖሊ ኰረብታዎች ላይ በዱር ይበቅላልና።

እንግዲህ ቅጠሉ ሰው የሆነበትን ዘመን እንመልከት። በ1800 አካባቢ በእንግሊዝ አገር ከሴቶች ግማሽ ያህሉ ሜሪ፥ ኤልሳቤጥ ወይም አን ይባሉ ነበር። በአንድ መንደር ውስጥ አንዲት ሜሪ ብትጠራ ስንቷ እንደምትዞር አስቡት! በዚህ ላይ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የአበባ ፍቅር በረታ። የአትክልት ቦታ መያዝ፥ ዕፅዋትን መሰብሰብና ስለ አበቦች ምስጢራዊ ትርጉም የተጻፉትን መጻሕፍት ማንበብ የወይዛዝርት ሥራ ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ቫዮሌት፥ አይቪ፥ ዴዚ፥ ሄዘር፥ ሄዝል፥ ሊሊ የሚባሉ ሕፃናት በየቤቱ ተወለዱ። በእኛስ ዘንድ ሮማን፥ ብርቱካን፥ ትርንጎ፥ ወይንሸት ይባል የለምን?

ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ስም ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥሩ የቆየ ነው። ዴዚ የማርጋሬት ቅጽል ስም ሆኖ ኖሮአል፤ ምክንያቱም ያችን ትንሽ ነጭ አበባ ፈረንሳዮች «ማርጌሪት» ይሏታል። ቅድም የጠቀስሁት ሱዛንም ቢሆን የእኛው ሶስና ነው፤ በዕብራይስጥ የአበባ ስም ነው። ሮዝሜሪ ግን ከሁሉ የበለጠ ዕድል ነበረው። አዲስ ስም የሚፈልጉት ወላጆች አበባ አገኙበት፤ የአያታቸውን ስም ለመተው ያልደፈሩትም ሜሪን ሳይጥሉ ቀሩ። በሁለቱ መካከል የቆመ ስም ስለ ሆነ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በእንግሊዝም በአሜሪካም እጅግ ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ ግን ቀነሰ። አንዳንድ ሰዎች ምክንያቱ የአይራ ሌቪን ልብ ወለድና በ1968 የወጣው «የሮዝሜሪ ሕፃን» የሚባለው አስፈሪ ፊልም ነው ይላሉ። ነገር ግን ቅነሳው ከፊልሙ በፊት የጀመረ ነው። ስም እንደ ልብስ ነው፤ እናት የለበሰችውን ልጅ አትለብሰውም፥ የልጅ ልጅ ግን ከሣጥን አውጥታ ትወደዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ። ስም የተሰጠውን ሰው ይመራዋል ወይስ ሰው ስሙን ይሞላዋል? በ1918 በአሜሪካ ከታወቀው የኬኔዲ ቤተ ሰብ አንዲት ልጅ ተወለደች። በእናቷ ስም ሮዝ ማሪ ተብላ ተሰየመች፤ ቤተ ሰቦቿ ግን ሮዝሜሪ ይሏት ነበር። ልጅቷ ከወንድሞቿና ከእኅቶቿ ይልቅ ለመማር ዘገየች። በ1941፥ የ23 ዓመት ልጅ ሳለች፥ ጠባይዋን ያረጋጋል ተብሎ በአባቷ ፈቃድ አንጎሏ ተቀደደ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብ መራመድም መናገርም ተሳናት። ከ1949 ጀምሮ ዊስኮንሲን በሚባለው አገር በአንድ የመጠለያ ተቋም ተቀመጠች፤ ስለ እርሷም በአደባባይ አይነገርም ነበር። የመታሰቢያን ቅጠል ስም የተሸከመችው ልጅ የተረሳች ሆነች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ወንድሟ ጆን ኬኔዲ ፕሬዚዳንት በነበረበት ጊዜ፥ በ1962፥ እኅቷ ዩኒስ የሮዝሜሪን የአእምሮ ዝግመት በመጽሔት ጽፋ ለሕዝብ ገለጠች። ብዙ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ በጓዳ ይሸሽግ በነበረበት ዘመን ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር። በ1968 ደግሞ ዩኒስ የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው ሰዎች የሚወዳደሩበትን ስፔሻል ኦሊምፒክስ መሠረተች። ሮዝሜሪ በ2005፥ በ86 ዓመቷ ዐረፈች። ስሟን እንደ ገና የመታሰቢያ ስም ያደረገው ሥርወ ቃሉ አይደለም፤ የእኅት ፍቅር ነው።

ሌሎችም ይህን ስም በሥራቸው ሞልተውታል። እንግሊዛዊቷ ሮዝሜሪ ሰትክሊፍ ከልጅነቷ ጀምሮ በመገጣጠሚያ በሽታ ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር ስትሄድ ኖራ፥ ለወጣቶች የታሪክ ልብ ወለዶችን ጻፈች። ስሙ እንግሊዝኛ በደረሰበት ሁሉ ስለ ተጓዘ ባለቤቶቹ እንግሊዞች ብቻ አይደሉም። በ1930 በጃማይካ የተወለደችው ሮዝሜሪ ብራውን በ1972 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ላይ ተመርጣ፥ በካናዳ ክፍላተ ሀገር ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። በኡጋንዳም መነኵሲቷ ሮዝሜሪ ኒሩምቤ በጉሉ ከተማ ከታጣቂዎች እጅ ያመለጡትን ልጃገረዶች ስፌት እያስተማሩ ከኀዘናቸው እንዲነሡ ረድተዋል።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እናገኛለን ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፥ ትርጉም የሌለው ስም የለም፤ ትርጉሙ የተረሳ ስም ብቻ አለ። እንግሊዞች ከድሮ ጀምሮ ከባዕድ ቋንቋ የወሰዷቸው ስሞች ስለ በዙ ትርጉማቸው ተሸፈነ፤ የተክል ስሞች ግን መጋረጃው የተገለጠባቸው ናቸው። ሁለተኛ፥ የስም ሥር አንድ ነገር ነው፥ የስም ኑሮ ሌላ ነገር ነው። ተማሪ ነንና ሥሩን መመርመር ግዴታችን ነው፤ «የማርያም ጽጌ» ነው ቢሉን «የለም፥ የባሕር ጤዛ ነው» ለማለት መቻል አለብን። ነገር ግን ይህን በመመለሳችን ነገሩን የጨረስነው እንዳይመስለን። ሕዝቡ ለስድስት መቶ ዓመት ያህል የሰጠው ትርጉም እውነተኛ ሥርወ ቃል ባይሆንም እውነተኛ ታሪክ ነው።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ፤ ደግሞም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። በፊተኛው ተረት ስም ስጦታ ነው፤ በሁለተኛው ግን ሥራ ነው። የሮዝሜሪ ታሪክ ሁለቱም እውነት እንደ ሆኑ ያስረዳናል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ። ከእኛ መካከል የራሱን ስም ምክንያት የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ምክንያት የሚያውቅ ግን ጥቂት ይመስለኛል። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ፥ እያንዳንዳችን ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቀን የዐሥር ሰዎችን ስም ከነምክንያቱ ጽፈን እንመለስ። ዛሬ ያልተጠየቀች አያት ነገ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ አትገኝምና። የተሰበሰበውን በዚሁ በማኅበራችን ጽሑፍ ላይ ብናወጣው፥ «የእኛ ስም ትርጉም አለው» ብለን ስንከራከር የምንመካበትን ነገር በእርግጥ የምናውቅ እንሆናለን።