የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራና የመሐንዲሱ ድርሻ



የማኅፀን በር ካንሰር አስቀድሞ ከተደረሰበት ሊገታ የሚችል በሽታ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. 350,000 ያህል ሴቶችን ገድሏል። ከነዚህም ከመቶ 94ቱ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ምርመራው ራሱ ከባድ መሣሪያ አይሻም። የሠለጠነች ነርስ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ቀብታ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቃ፣ የነጣ ስፍራ መኖሩን በዓይኗ ትመለከታለች። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የማቀዝቀዝ ሕክምና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የናይትረስ ኦክሳይድ ጋዝ ይፈልጋል። ሲሊንደሩ ከባድ ነው፤ ጋዙ የሚሞላው ከሩቅ ከተማ ነው፤ መንገዱም በክረምት ይቋረጣል። ጋዝ ባለቀበት ቀን የመጣች ሴት «ሌላ ቀን ተመለሺ» ትባላለች። ግማሽ ቀን በእግሯ የተጓዘች እናት ግን ብዙ ጊዜ አትመለስም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. መመሪያ ያወጣለት የሙቀት ሕክምና ይህን ችግር ያቃልላል። በእጅ የሚያዘውና በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ጫፉ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ አጠራጣሪውን ስፍራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያክማል። ለዚህ ሕክምና የማይሆን ቁስል ያላት ሴት ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ ሌሎቹ ተመርምረውና ታክመው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ሆኖም ባትሪው የሚሞላበት ኀይል፣ መለዋወጫና ጠጋኝ ከሌለ ይህም መሣሪያ እንደ ባዶው ሲሊንደር ከጥግ መቆሙ አይቀርም። ድርጅቱ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ዓ.ም. ከመቶ 70ው ሴቶች እስከ 35 ዓመታቸውና ዳግመኛ እስከ 45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ግብ አስቀምጧል። ይህ ግብ በሐኪም ብቻ አይደረስም። የመሣሪያው ግዥ ሲጸድቅ የጥገናው በጀት አብሮ እንዲጸድቅ አጥብቆ መጠየቅ የመሐንዲስ ሙያዊ ግዴታ ነው።