መልካሙ ሳምራዊ አስቀድሞ ቁስሉን አሰረ
ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ተወካዮች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጀምራል። በዚህ ሁሉ አገር ሞተር ሳይክል ገበያተኛውንም ካህኑንም ያመላልሳል። አደጋ ሲደርስ ከወደቀው ሰው ዘንድ ቀድሞ የሚገኘው ግን ሐኪም ሳይሆን የአጥቢያችን ምእመን ነው።

ሕዝባችን ለመርዳት አይሰንፍም፤ የሚያሰጋን ጥድፊያው ነው። የወደቀውን ብብቱን ይዞ ማንሣት፣ «በርታ» እያሉ ማቆም፣ አጥፎ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። የአንገቱ ወይም የጀርባው አጥንት ተሰብሮ ከሆነ፣ በቅን ልብ የተደረገው ይህ አነሣሥ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። መልካሙ ሳምራዊ አስቀድሞ ቁስሉን አሰረ፤ በአህያው ላይ ያስቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ለእኛም ትምህርት ነው።

እንግዲህ አስቀድመን በመንገዱ በሁለቱም ወገን ሰው አቁመን መኪና እናስቁም፤ የሞተሩን ቁልፍ እናጥፋ፤ በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም በቅርብ ላለው ጤና ጣቢያ እንደውል። አንድ ሰው የተጎጂውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ እንዳይነቃነቅ ያድርግ። ትንፋሹ ካልታፈነ በቀር ሄልሜቱን አናውልቅ። ቢያስመልሰው ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው እንደ አንድ ግንድ በአንድነት ወደ ጎን ይዙር።

ደም የሚፈስበትን ስፍራ በንጹሕ ነጠላ አጥብቀን እንጫን፤ ጓንት ከሌለ እጃችንን በፌስታል እንሸፍን። ጨርቁ በደም ቢርስ ሌላ እንደርብበት እንጂ አናንሣው። የቡና ዱቄትም አፈርም ቁስሉ ላይ አይነስነስ። የደጋው ብርድ ደም የፈሰሰውን ሰው ይጎዳዋልና ጋቢ እናልብሰው።

አባቶች ሆይ፣ በዚህች ሰዓት ቃላችሁ ይሰማል። የከበበውን ሕዝብ ገለል አድርጉልን። ለተጎጂው ውኃም አረቄም አይሰጥ፤ ጸበልም ቢሆን በአፉ አይግባ፣ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላልና። ጸሎቱ ግን አይቋረጥ።

መኪና በማይገባበት አጥቢያ ቃሬዛ አለን። ቃሬዛ አስከሬን ለመሸኘት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ጀርባው ሳይታጠፍ፣ ራሱ ተደግፎ ሕያው ሰው ይጓዝበት።

ከየሰበካ ጉባኤው የምንለምነው ጥቂት ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን መርጣችሁ በጤና ጣቢያ ወይም በቀይ መስቀል እንዲሠለጥኑ አድርጉ። ጓንት፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ የእጅ ባትሪና ጋቢ የያዘ ሣጥን ከቃሬዛው ጋር ቁልፉ በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ይህም መንገዱ በእንግዳ ከሚሞላበት ከጥምቀት በዓል በፊት ይፈጸም። ሄልሜት ማድረግንም በዐውደ ምሕረት እናስተምር፤ እኛም በሞተር ስንሄድ እናድርግ፤ ጥምጥም ሄልሜትን አይተካምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።