ሰፊ አውሎ ነፋስ ሁሉ ብርቱ ነው?

የዛሬው ርዕሳችን አውሎ ነፋስ ነው። አውሎ ነፋስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ይበረታል? አይበረታም።

እስቲ በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስሮ የሚያሽከረክር ልጅ አስቡ። ገመዱን ወደ እጁ ሲስበው ድንጋዩ ይፈጥናል። አውሎ ነፋስም እንዲሁ ነው። አየሩ ወደ መሐል እየተሳበ በቀረበ ቁጥር ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ብርቱው ነፋስ ያለው ዳር ላይ ሳይሆን፣ መሐል ላይ ያለውን ጸጥ ያለ “ዓይን” በከበበው የደመና ግድግዳ ውስጥ ነው።

እናም ትንሽ አውሎ ነፋስም ብርቱ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በፈረንጆቹ 1974 የአውስትራሊያዋን ዳርዊን ያፈራረሰው ትሬሲ በጣም ትንሽ አውሎ ነፋስ ነበር። በ2012 ኒው ዮርክን የመታው ሳንዲ ደግሞ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ነፋሱ ግን ከትሬሲ ይደክማል።

ታዲያ ስፋቱ አያሳስብም? በጣም ያሳስባል! ሰፊ አውሎ ነፋስ ብዙ የባሕር ውኃ ወደ ዳርቻ ይገፋል። በሳንዲ ጊዜ የኒው ዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ያጥለቀለቀውም እንዲህ የተገፋ ውኃ ነው።