ስለ ድንገተኛ የልብ ድካም መድኃኒቶች

የልብ ድካም የያዘው ሰው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ትራስ ደራርቦ ሲቀመጥ፥ ያበጠ እግሩም በጣት ሲጫኑት ሲሰረጉድ አይታችሁ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ልብ ደምን እንደሚገባ መግፋት ተስኖት ውኃ በሳንባና በአካል ውስጥ ስለሚጠራቀም ነው። ሕመሙ በድንገት ሲበረታ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

በመጀመሪያ የሚሰጠው በደም ሥር የሚገባውና ውኃውን በሽንት የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ ነው። መጠኑና አሰጣጡ ብዙ ሲያከራክር ከቆየ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2011 በ308 ሕሙማን ላይ የተደረገ ምርመራ ታተመ። በየ12 ሰዓቱ መውጋትና ሳያቋርጡ ማንጠባጠብ እኩል ሆነው ተገኙ። ብዙ መጠን የወሰዱት ውኃ በብዛት ወጣላቸው፤ የአንዳንዶቹ ኩላሊት ለጊዜው ቢታወክም በ60ኛው ቀን ልዩነት አልታየም።

የደም ሥርን የሚያላላው ኔሲሪታይድ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ2001 በአሜሪካ ሲፈቀድ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ከ7,000 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ሲፈተን፥ ሞትንም ወደ ሆስፒታል መመለስንም አልቀነሰም፤ ይልቁንም የደም ግፊትን ከልክ በታች አወረደ። ልብን የሚያበረቱት ሌቮሲሜንዳንና ዶቡታሚንም በ2007 በ1,327 ሕሙማን ላይ ሲነጻጸሩ፥ በ180 ቀን ውስጥ በሞቱት ቍጥር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ ዕድሜ የሚቀጥለው ምንድን ነው? በ2022 የታተመ፥ በ14 አገሮች 1,078 ሕሙማንን የተከታተለ ምርመራ መልስ ሰጠ። ሐኪሞች የቆዩትንና የታወቁትን የልብ ክኒኖች ሕመምተኛው ከሆስፒታል በወጣ በ2 ሳምንት ውስጥ፥ ደሙን ደጋግመው እየመረመሩ፥ ወደ ሙሉ መጠን አደረሱ። በ180 ቀን ውስጥ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ተመልሰው የተኙት ከመቶ 15 ያህል ሲሆኑ፥ እንደ ወትሮው በታከሙት ዘንድ ግን ከመቶ 23 ያህል ነበሩ።

እንግዲህ ትንፋሽን የሚያቀልል መድኃኒት ሁሉ ዕድሜን አይቀጥልም። በመርፌ ውኃው ወጥቶለት በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ቢተው፥ ዋናውን ሕክምና በደጃፉ ጥሎ መግባቱ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ፥ ሐኪም ሳያዝዝ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፥ መጠኑንም በገዛ እጁ እንዳይለውጥ፥ ጨው እንዲቀንስና በየጠዋቱ እንዲመዘን አሳስቡት። ክብደቱ በጥቂት ቀን ውስጥ በድንገት ቢጨምር ውኃው መመለሱን ያመለክታልና፥ ትንፋሹ እስኪያጥር ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም አድርሱት።