«ጃጅተዋል» የምንላቸው እናቶች



በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር አንዲት እናት የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው «ጃጅተዋል» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል። እኛም ጸልየን፣ ዱቄት አስረክበን ወጥተናል። ሌሊት በር ዘግታ የምትጠብቃቸውን ምራት ግን «እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይ?» ብለን አልጠየቅናትም። የአንኮበር ገደል ደግሞ መንገድ ለጠፋበት ሰው አይራራም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ የመርሳት በሽታ ተካቷል፤ አስታማሚን መደገፍም እንደ ሕክምናው ክፍል ተቆጥሯል። ድብርትና የታይሮይድ እጢ መታወክም ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህ ግን ይታከማሉ። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ይሠልጥኑ፤ በየቤቱ ያዩትንም በመዝገብ ይያዙ። ምእመናን ሆይ፣ እናንተ በሳምንት አንድ ቀን ከእናታችን ጋር ተቀመጡ፤ ምራቲቱ ገበያ ትውጣ፣ ወይም ትተኛ።