ግድግዳው እንዲደርቅ መንገድ እንስጠው
(በግንቦት ወር የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ክረምቱ ሳይገባ ስለ ሥራ ቤታችን ግድግዳ እንድንነጋገር ፈልገን ነው። አምና በነሐሴ የጓሮው ግድግዳ ተደርምሶ፣ እንዲደርቁ የደረደርናቸውን ጀበናዎችና ምጣዶች እንዳደቀቃቸው ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ጊዜ ዝናቡን ረገምነው። ጥፋቱ ግን የእኛም ነበር።

ካቻምና ከቁጠባችን አውጥተን የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር። አምሮም ነበር። ጭቃ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ከእርሱ ጋር አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ከውጭ ደኅና የመሰለን ግድግዳ ከውስጥ ጭዱና ማገሩ በስብሶ ቆየን።

ይህን ከማንም በፊት እኛ ልናውቀው ይገባን ነበር። ያልተተኮሰ ሸክላ ውሃ ካገኘ ተመልሶ ጭቃ እንደሚሆን፣ እዚሁ ወለቃ ከእናቶቻችን እጅ ተምረናል። የቤታችን ግድግዳም ያልተተኮሰ ሸክላ ነው።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ጣልያኖች በሲሚንቶና በአርማታ ጠጋገኗቸው። በኋላ ባለሙያዎች አብዛኛውን አንሥተው በቀድሞው ኖራ ተኩት። ኖራ እርጥበትን አፍኖ አያስቀርም።

በእኛ ደጋ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ውሃው ግድግዳን የሚያገኘው ነፋስ ሲገፋው ብቻ አይደለም፤ ጠፈጠፉ መሬት መትቶ ይረጫል፣ የመሬቱም እርጥበት ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ ቀድሞ የሚታመመው የግድግዳው እግር ነው።

እንግዲህ የቆርቆሮው ጫፍ ክንድ ያህል ወጣ ይበል። ጠፈጠፉ በቦይ ይሂድ። የግድግዳው እግር እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ይሠራ። ምርጊቱ በጤፍ ጭድ በደንብ የተቦካ ጭቃ ይሁን። አፈርና ማገዶ ግድግዳው ላይ አይደገፍ።

በቀረችው ገንዘብ እንደገና ሲሚንቶ ይገዛ የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። በየዓመቱ መምረግ እንደሚያደክም አንክድም፤ ወገባችን ያውቀዋል። ግን ምርጊት ቢላቀቅ በአንድ ቀን ይመለሳል፤ የተደረመሰ ግድግዳ ግን የወራት ሥራችንን ይዞ ይሄዳል። ገንዘቡ ለቆርቆሮና ለድንጋይ ይዋል፤ ምርጊቱን እኛው በደቦ እንሥራው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከተስማማን በመጪው ቅዳሜ ማለዳ አንዳንድ ጆንያ ጭድ ይዘን እንገናኝ።